ዴሪክ ጃርማን፦ ሰባት ዓመት የተጠበቀው ፊልምና እሱ ሲጠበቅ የተሠሩት

ሰያፍ ብርሃን (ክሩን የከፈተው)

ባለፉት ሁለት ወራት የእንግሊዛዊውን ፊልም ሠሪ የዴሪክ ጃርማንን ረጃጅም ፊልሞች በተሠሩበት ቅደም ተከተል አይቼ ጨረስኩ። ይህን ክር የከፈትኩት ፊልሞቹን አንድ በአንድ ለመገምገም አይደለም፤ ስለ ሰውየው የሥራ ዘመን የከነከነኝ ነገር ስላለ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቁት በአጭሩ ልግለጽ። ጃርማን በ1942 የተወለደ የአየር ኃይል መኮንን ልጅ ነው፤ ለንደን ውስጥ በኪንግስ ኮሌጅ፣ ከዚያም ስሌድ በተባለው ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሯል። ወደ ፊልም የገባው በሠዓሊነቱ ነው፤ ኬን ረስል በ1971 ያወጣውን የ«ዘ ዴቭልስ»ን የትዕይንት ግንባታ የነደፈው እሱ ነበር። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «ሴባስቲያን»ን ከፖል ሃምፍረስ ጋር ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ቀርጾ በ1976 አወጣ። ንግግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በላቲን ሲሆን፣ የወንድ ለወንድ ፍቅርን ያለ ኀፍረት ያሳያል። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ፍቅር ከወንጀልነት ከወጣ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የ1967ቱ ሕግም ቢሆን የፈቀደው ዕድሜያቸው 21 ለሞላ ወንዶች፣ ያውም ከሰው ዓይን ተሰውረው ከሆነ ብቻ ነው። ቀጥሎ በ1978 «ጁቢሊ»፣ በ1979 ደግሞ ከሼክስፒር ተውኔት የተወሰደው «ዘ ቴምፐስት» ወጡ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ፊልም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይዘጋል። የሠዓሊውን የካራቫጆን ሕይወት ለመሥራት ከ1978 ጀምሮ ስክሪፕት እየጻፈ፣ እየቀደደ፣ እንደገና እየጻፈ ገንዘብ ሲፈልግ ቆየ፤ ቀረጻው የተጀመረው በ1985፣ ፊልሙ የወጣውም በ1986 ነው። ተዋንያንና የተሟላ ስክሪፕት ባለው ረጅም ፊልም ብንለካው፣ ከሠላሳ ሰባት ዓመቱ እስከ አርባ አራት ዓመቱ ድረስ፣ አንድ ዳይሬክተር ጉልበቱ በሚበረታበት ዕድሜ፣ እጁ ባዶ ነበር። በ1994 ደግሞ በ52 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እነዚያ ሰባት ዓመታት ከእጃችን የወጡ ፊልሞች ናቸው ብለን እንቆጫለን ወይስ ጃርማንን ጃርማን ያደረጉት እነሱ ናቸው? እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን የሚቃወመኝ ሰው እንዲመጣ እፈልጋለሁ።


ስምንት ሚሊ ሜትር

ሰያፍ ብርሃን፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን «እጁ ባዶ ነበር» የሚለውን አልቀበልም። እጁ ውስጥ የሱፐር ኤይት ካሜራ ነበረ።

ይህ ካሜራ ሰዎች ልጆቻቸውንና የሽርሽር ጊዜያቸውን ይቀርጹበት የነበረ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ጃርማን ከሰባዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በነበሩት አሮጌ መጋዘኖች ውስጥ እየኖረ፣ ጓደኞቹንና እሳትን፣ በመስተዋት የሚንጸባረቅ ፀሐይን ሲቀርጽበት ቆይቷል። የ35 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የመደበኛው ሲኒማ ፊልም፣ በር ሲዘጋበት ወደዚህ ተመለሰ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ ወጥቶም አያውቅም ባይ ነኝ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልዘርዝር፤ ምክንያቱም የ«ድህነት ነው ወይስ ስልት?» ክርክር መልስ ያለው እዚያ ይመስለኛል። የሱፐር ኤይት አንድ ካርትሪጅ 15 ሜትር ፊልም ይይዛል፤ ይህ ወደ 3,600 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። በተለመደው ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 18 ፍሬም፣ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ላይ ያልቃል። ጃርማን ግን ካሜራውን በሴኮንድ ከሦስት እስከ ስድስት ፍሬም ብቻ እንዲወስድ ያደርገው ነበር። በስድስት ፍሬም ያው ካርትሪጅ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ በሦስት ፍሬም ሃያ። ለአንድ ሰው የሦስት ደቂቃ ዋጋ ከፍሎ ሃያ ደቂቃ መቅረጽ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁጠባው ግን ምስሉንም ይለውጠዋል። እኔ ራሴ በአንድ ያረጀ ካሜራ ሞክሬዋለሁ። መዝጊያው በየፍሬሙ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚሆን የሚንቀሳቀስ እጅ ከኋላው የጢስ ጅራት የመሰለ ነገር ይጎትታል፤ ቆሞ የሚያይ ፊት ግን ጥርት ብሎ ይቀመጣል። ካሜራው «ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ» ሲል እየሰሙ፣ በየጠቅታው መካከል ሰውየው የት እንደደረሰ አያውቁም። ከዚያም በዚያው ዝግታ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አውጥተው እንደገና ሲቀርጹት ሰው መሄዱ ቀርቶ ከአንድ ሥዕል ወደ ሌላ ሥዕል የሚሸጋገር ይመስላል። በ1985 የወጣው «ዘ አንጀሊክ ኮንቨርሴሽን» መላ ነፍሱ ይህ ነው፤ ሁለት ወጣቶች በዚህ በሚንጠባጠብ ጊዜ ውስጥ እየተፈላለጉ፣ ጁዲ ዴንች አሥራ አራት የሼክስፒር ሶኔቶችን (አጫጭር ግጥሞችን) ታነብባለች። ያን ፊልም በሙሉ ወጪ በ35 ሚሊ ሜትር ይሥራው ቢባል፣ ፊልሙ ራሱ አይኖርም ነበር።


ሒሳብ ባይ

ሁለታችሁንም በአክብሮት እቃወማለሁ።

ድህነትን በጥበብ ስም ማሞገስ ብዙ ጊዜ የሚቀናው የቤት ኪራይ ለማይከፍል ሰው ነው። ጃርማን ራሱ «ካራቫጆ»ን ሰባት ዓመት የጠበቀው መጠበቅ ስለጠቀመው አይደለም፤ የሚከፍልለት ስላጣ ነው። ፊልሙን ያስቻለውም ትዕግሥቱ ሳይሆን የብሪታንያ ፊልም ተቋምና በ1982 ሥርጭት የጀመረው ቻናል ፎር ናቸው። ገንዘቡ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ አልሞላም፤ ለአንድ የታሪክ ፊልም ይህ ከኪስ ገንዘብ ብዙም አይሻልም፤ ቢሆንም የሕዝብ ተቋም ገንዘብ ነው። እንግዲህ «ነጻ ፊልም ሠሪ» የምንለው ከማን ነጻ የሆነውን ነው? ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ነጻ ነበር፤ ከኮሚቴ፣ ከማመልከቻ፣ ከ«በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን» ግን ነጻ አልነበረም።

ሌላው የሚዘለለው ነገር የዕለት እንጀራው ነው። የሙዚቃ ቪዲዮዎችን ሠርቷል፤ በ1979 ለማሪያን ፌዝፉል፣ በ1986 ለዘ ስሚዝስ፣ በ1987 ለፔት ሾፕ ቦይስ። አንዳንድ አድናቂዎቹ እነዚህን በሥራዎቹ ዝርዝር ግርጌ በትንሽ ፊደል ይጽፏቸዋል፤ እኔ ግን የሥራ ዘመን ከተባለ ከዋናው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው እላለሁ። ሰው የሚኖረው በፌስቲቫል ጭብጨባ አይደለም።


ሰያፍ ብርሃን

ሒሳብ ባይ፣ መቃወሚያዎ ተገቢ ነው፤ የጠየቅሁትም ይህንኑ ነበር። ስምንት ሚሊ ሜትርም «ባዶ እጅ» ያልኩትን በትክክል አርመውኛል። ዝርዝሩን እንደገና ሳየው በእነዚያ ዓመታት የድሮዎቹን የሱፐር ኤይት ቁርጥራጮች አደራርቦ የሠራው «ኢን ዘ ሻዶው ኦፍ ዘ ሰን» በ1981 ታይቷል፤ በ1984 ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጉዞ «ኢማጂኒንግ ኦክቶበር»ን ሠርቷል፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የሕይወት ማስታወሻ መጽሐፉን አሳትሟል፤ ሥዕሉንም አላቋረጠም። ስለዚህ ባዶው በእኔ ዝርዝር ላይ ነበር እንጂ በእሱ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።

ሆኖም ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘቡ ትንሽ መሆኑ በ«ካራቫጆ» ውስጥ ተደብቆ አልቀረም፤ የፊልሙ ጉዳይ ሆኗል። ፊልሙ በሙሉ የተቀረጸው ለንደን ውስጥ፣ በአንድ መጋዘን ነው። ጣሊያን የለችም። ባሕሩ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የባንክ ባለቤቱ በወርቅማ የሒሳብ ማሽን ይጫወታል፣ ሃያሲው ገንዳ ውስጥ ተኝቶ በታይፕራይተር ይጽፋል፣ አንዱ ሞተር ብስክሌት ይወለውላል።

ከሁሉ ደግሞ አንድ ትዕይንት አለ። ሾን ቢን የሚጫወተው ራኑቾ ለሥዕል ቆሟል፤ ሠዓሊው ከመሥያው ጀርባ ሆኖ፣ ቀለሙን እየቀባ፣ የወርቅ ሳንቲም አንድ በአንድ ይወረውርለታል። ራኑቾ ከአቋቋሙ እንዳይነቃነቅ ስለተፈለገ እያንዳንዷን ሳንቲም ቀልቦ አፉ ውስጥ ይከታታል፤ ጉንጩ እየተነፋ ይሄዳል። ንግግር የለም። ሠዓሊና ሞዴል፣ ፈላጊና ተፈላጊ፣ ከፋይና ተከፋይ ሁሉም በዚያች አፍ ውስጥ ናቸው። ይህን ትዕይንት ሊያስበው የሚችለው ሰባት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲለምን የኖረ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም፣ የተመልካች ግምት ነው።


የአልባሳት ክፍል

እኔ በፊልም አልባሳት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ክርክሩን በሌላ በኩል ልግባበት። የጃርማንን የሥራ ዘመን ስታዩ የምትቆጥሩት ፊልም ከሆነ፣ እኔ የምቆጥረው ሰው ነው።

ቲልዳ ስዊንተን ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ የታየችው በ«ካራቫጆ» ነው፤ እስከ «ብሉ» ድረስም ከእሱ ጋር ዘልቃለች። የአልባሳት ዲዛይነሯ ሳንዲ ፓወል ወደ ፊልም ሥራ የገባችው በዚያው ፊልም ነው፤ ዛሬ ሦስት ኦስካር አላት። የሙዚቃ ደራሲው ሳይመን ፊሸር ተርነርና የትዕይንት ዲዛይነሩ ክሪስቶፈር ሆብስም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። አንድ ዳይሬክተር ገንዘብ ሲያጣ ሰው ያበዛል፤ ጃርማን ያበዛው ደግሞ ልምድ የሌለውን፣ ማንም ያልሞከረውን ሰው ነበር። ትልቅ በጀት ያለው ፕሮዲውሰር ያልተፈተነች የሃያ አምስት ዓመት ዲዛይነር ወስዶ የታሪክ ፊልም አያሸክማትም።

ስለ ፈላስፋው ሉድቪግ ዊትገንስታይን የተሠራውን፣ በ1993 የወጣውን «ዊትገንስታይን»ን እዩት። ለቴሌቪዥን ታስቦ የተጀመረ፣ ገንዘቡ የቀጠነ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ተቀርጾ ያለቀ ፊልም ነው። የሚገነባ ቤት፣ የሚከራይ ግቢ አልነበረም፤ ስለዚህ ከኋላ ሁሉም ነገር ጥቁር መጋረጃ ሆነ። በዚህ ጊዜ ቦታውን የሚሸከመው ልብሱ ነው። የስዊንተን ላባና ባርኔጣ ሲገባ የሀብታሞች ሳሎን ይቆማል፤ የዊትገንስታይን ግራጫ ኮት ብቻውን ሲቆም ሳሎኑ ይፈርሳል። በእኛ ሙያ «ግድግዳ ስታጣ ኮሌታውን አጥብቀህ ስፋ» የሚሉ ነበሩ፤ ይህ ፊልም የዚያ ምሳሌ ነው። ሒሳብ ባይ እንዳሉት ድህነትን አላሞግስም። ነገር ግን እዚህ ፊልም ላይ የጎደለ ነገር አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም።


ዘግይቶ ደራሽ

እስካሁን ስለ ካሜራና ስለ ገንዘብ ብዙ ተባለ። የርዕሱ ግማሽ ግን ቀርቷል፤ ጃርማን «ነጻ» ብቻ ሳይሆን የኩዊር ሲኒማ፣ ማለትም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችንና መሰሎቻቸውን ሕይወት ከውስጥ የሚያሳይ ሲኒማ፣ ዳይሬክተር ነው፤ ሁለቱም የተያያዙ ናቸው።

በታኅሣሥ 1986 ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ ተነገረው። በዚያ ዘመን መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጋዜጦችም የታመሙትን እንደ ወንጀለኛ ያሳድዱ ነበር። እሱ ግን ደብቆ አልያዘውም፤ በይፋ ተናገረ። ይህ ለአንድ ዳይሬክተር የሙያ አደጋም ነበረው፤ ነገ ሊሞት ይችላል በተባለ ሰው ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ፕሮዲውሰር፣ ዋስትና የሚሰጥ የመድን ድርጅት ማግኘት ከባድ ነውና። ሆኖም ያን ከሰማ በኋላ በነበሩት ሰባት ዓመታት ውስጥ «ዘ ላስት ኦፍ ኢንግላንድ»ን (1987)፣ «ዋር ሬክዊየም»ን (1989)፣ «ዘ ጋርደን»ን (1990)፣ «ኤድዋርድ ሁለተኛው»ን (1991)፣ «ዊትገንስታይን»ንና «ብሉ»ን (ሁለቱም 1993) ሠርቷል። ሰያፍ ብርሃን፣ እርስዎ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት ቆጠሩ፤ እነዚህኛዎቹን ሰባትም ይቁጠሯቸው።

በ1988 የብሪታንያ ፓርላማ ክፍል 28 የተባለውን ድንጋጌ አወጣ፤ የአካባቢ አስተዳደሮች የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን «እንዳያስፋፉ» የሚከለክል ነበር፤ በእንግሊዝ የተሻረው በ2003 ነው። ትያትር ቤቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ሲኒማ ቤቱም ከአካባቢ አስተዳደር ድጎማ ስለሚያገኙ፣ ሕጉ ማንንም ሳይከስስ ብዙዎችን ዝም ያሰኝ ነበር። «ኤድዋርድ ሁለተኛው» ለዚያ የተሰጠ መልስ ነው። ፊልሙ የተወሰደበት፣ የሼክስፒር ዘመነኛ የሆነው የማርሎው ተውኔት፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጃርማን ንጉሡንና ወዳጁን ጋቬስተንን በእኛ ዘመን ልብስ አቆማቸው፣ ንጉሡን የሚደግፉትን ሰልፈኞች ሆነው የወጡትም አውትሬጅ የተባለው እውነተኛ የመብት ቡድን አባላት ናቸው። ስዊንተን በንግሥት ኢዛቤላ ሚናዋ በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች።

በ1992 ሃያሲዋ ቢ ሩቢ ሪች «አዲሱ ኩዊር ሲኒማ» የሚለውን ስም ስታወጣ፣ ወጣቶቹ አሜሪካውያን ገና የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ፊልማቸው ላይ ነበሩ፤ ጃርማን ግን ሃምሳ ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት በሰንዳንስ ፌስቲቫል ከእነሱ ጋር በአንድ መድረክ ተቀምጧል። «አዲስ» የተባለውን ነገር ከ1976 ጀምሮ ሲሠራው ለኖረ ሰው ይህ ምን ዓይነት ስሜት ይሰጠው እንደነበር ሳስብ ፈገግ እላለሁ።


ተጠራጣሪ አንባቢ

ዘግይቶ ደራሽ በደንብ አስረድተዋል፤ ነገር ግን ክሩ ወደ ውዳሴ እያጋደለ ነውና ጥቂት ሚዛን ልጨምርበት።

አንደኛ፣ «ዘ ላስት ኦፍ ኢንግላንድ»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም እንቅልፍ ወስዶኛል። የፈራረሰ ፋብሪካ፣ ጭንብል ያጠለቁ ታጣቂዎች፣ ችቦ፣ አሁንም የፈራረሰ ፋብሪካ። ቁጣው ይገባኛል፤ ሰማንያ ሰባት ደቂቃ ሙሉ በአንድ የድምፅ ከፍታ የሚጮህ ሰው ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አይሰማም። መጨረሻ ላይ ስዊንተን የሠርግ ቀሚሷን በመቀስ እየቀደደች በእሳቱ ዳር ስትሽከረከር ነቃሁ፤ ያቺን ለማየት መንቃቴ አልቆጨኝም።

ሁለተኛ፣ «ኤድዋርድ ሁለተኛው» ውስጥ ኢዛቤላ የኤድዋርድን ወንድም አንገቱን ነክሳ ደሙን ትመጠዋለች። በዚያን ጊዜ ጃርማንን «ሴቶችን ትጠላለህ» ብለው የወቀሱት ሃያስያን ነበሩ፤ ወቀሳው እንዲሁ የሚጣል አይመስለኝም። ስዊንተን ሚናውን በብርድና በውበት ሞልታ አድናዋለች፤ ሆኖም አንድ የተገፋ ወገን ሌላውን የተገፋ ወገን ጭራቅ አድርጎ ሲስል ማየት አይመችም።

ሦስተኛ፣ ጃርማን ከራሱ ወገን ጋርም ተጣልቷል። በ1991 ተዋናዩ ኢያን ማኬለን «ሰር» የሚለውን ማዕረግ ሲቀበል፣ ክፍል 28ን ካወጣ መንግሥት እንዴት ይቀበላል ብሎ በጋዜጣ ተቃወመ፤ ሌሎች የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆኑ አርቲስቶች ደግሞ ለማኬለን ጠበቃ ቆመው በጋራ መልስ ጻፉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማኬለን ወገን ነኝ። በር ማንኳኳትም ሥራ ነው፤ ሁሉም ሰው በር የሚሰብር ከሆነ ከውስጥ የሚከፍተው ማን ነው?


ዘግይቶ ደራሽ

ተጠራጣሪ አንባቢ፣ በሁለተኛው ነጥብ እስማማለሁ፤ ሳያሳምም የሚታለፍ ትዕይንት አይደለም። በሦስተኛው ግን አንድ ነገር ልበል። ጃርማን ፊልሞቹ ውስጥም «ጥሩ ሰዎች ነንና ተቀበሉን» ብሎ አያውቅም። ካራቫጆው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ኤድዋርዱ ደካማ ንጉሥ ነው፣ ጋቬስተኑ ባለጌ ነው፣ ዊትገንስታይኑ ሕፃናትን የሚመታ መምህር ነው። መልካም አርአያ ለመፍጠር የሚሠሩ ፊልሞች በኋላ መጥተዋል፤ ጠቃሚም ናቸው። እሱ የጠየቀው ግን የመከበር ፈቃድ ሳይሆን ታሪኩን ነው። ሼክስፒር፣ ማርሎው፣ ብሪተን፣ እነዚህ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ለልጆች የሚያስተምሯቸው ስሞች ናቸው፤ እሱ «እነዚህ የእኔም ናቸው» አለ። ማዕረጉን የተቃወመውም ከዚሁ የተነሣ ነው።


ስምንት ሚሊ ሜትር

ብሪተን ሲነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ለሒሳብ ባይም ይሆናል። «ዋር ሬክዊየም» ሲሠራ የቤንጃሚን ብሪተንን ሙዚቃ በ1963 በታተመው ቅጂ እንዲጠቀም የሸክላው ባለ መብት ፈቀደ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን በሙዚቃው ላይ ሌላ ድምፅ እንዳይደረብ ነበር። ስለዚህ በሙዚቃው ላይ ንግግር የለም፣ የጥይት ድምፅ የለም፣ የእግር ኮቴ እንኳ የለም። ስለ ጦርነት የሚናገር ፊልም ያለ አንድ ፍንዳታ ድምፅ! ላውረንስ ኦሊቪየር ለመጨረሻ ጊዜ በካሜራ ፊት የቀረበው እዚያ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ አሮጌ ወታደር ሆኖ፣ ሜዳሊያዎቹን ደርድሮ። የአልባሳት ክፍል «ግድግዳ ስታጣ» ያሉት እዚህ «ድምፅ ስትከለከል» ሆነ።


ሒሳብ ባይ

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ቢሆንም ልብ በሉ፦ ድምፁን የከለከለው የሌላ ሰው ውል ነው። ጃርማን ከውሉ ጥበብ አወጣ። ውሉን ግን አላመሰግንም።


የአልባሳት ክፍል

እኔም ውሉን አላመሰገንኩም! ሰፊውን ነው የማመሰግነው።


ሰያፍ ብርሃን

ስለ «ብሉ» እስካሁን ማንም በዝርዝር ስላልጻፈ እኔው ልጻፍ፤ ጥያቄዬ መጨረሻ ላይ የደረሰው እዚያ ነውና።

በሽታው የዓይኑን ብርሃን እየወሰደበት በሄደበት ጊዜ የሠራው ይህ ፊልም 79 ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታየው አንድ ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢቭ ክላይን በስሙ ያስጠራው ዓይነት ጥልቅ ሰማያዊ። በላዩ ላይ የጃርማን ራሱ፣ የስዊንተን፣ የናይጀል ቴሪና የጆን ኩዌንቲን ድምፆች ይሰማሉ፤ የሆስፒታል ወረፋ፣ የዓይን ጠብታ፣ የሞቱ ጓደኞች ስም፣ ቀልድ፣ የባሕር ድምፅ። በመስከረም 1993 ቻናል ፎር በቴሌቪዥን፣ ቢቢሲ ሬዲዮ 3 ደግሞ በሬዲዮ በአንድ ሰዓት አስተላለፉት።

ሐሳቡ በሽታ የወለደው ብቻ አይደለም፤ ስለ ክላይን ፊልም ለመሥራት ዓይኑ ሳይታመም ገና ከዓመታት በፊት አስቦ ነበር። ስለዚህ «ዓይነ ስውር ስለሆነ ሰማያዊ አደረገው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

እኔ ያየሁት በጨለማ ክፍል ውስጥ በትልቅ ሸራ ነው። ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ የሸራው ጠርዝ ቢጫ መምሰል ጀመረ፤ ዓይኔን ከሸራው ሳነሣ ግድግዳው ሁሉ ወደ ብርቱካናማ አደላ። ዓይን በአንድ ቀለም ሲደክም ተቃራኒውን ራሱ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው እየቀረበና እየራቀ፣ እየተነፈሰ ሄደ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ሲነቃነቅ ጥላው ትልቅ ክስተት ይሆን ነበር። «ምንም የለውም» የሚባለው ፊልም ዓይኔን እንደዚያ አሠርቶታል፤ ሌላ ፊልም እንደዚያ አላሠራውም።

ሒሳብ ባይ፣ ይህ የርካሽ ፊልም ጫፍ ነው፤ ካሜራ እንኳ የለውም። ነገር ግን «ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ምን ትርጉም ይኖረዋል?


ሒሳብ ባይ

ለ«ብሉ» ምንም የለውም፤ እሺ ብያለሁ። ለ«ካራቫጆ» ግን አሁንም ትርጉም አለው። ከአንዱ ፊልም ተነሥተን ስለ ሌላው አንፍረድ።


አዲስ ገቢ

ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የጃርማንን አንድም ፊልም አላየሁም። ከየት ልጀምር?


ተጠራጣሪ አንባቢ

ከ«ዘ ላስት ኦፍ ኢንግላንድ» በቀር ከየትም።


ስምንት ሚሊ ሜትር

ከ«ካራቫጆ» ይጀምሩ፤ ታሪክ አለው፣ መብራቱም ራሱ ያስተምራል፤ በበርሊን ፌስቲቫል የብር ድብ የተባለውን ሽልማት ያገኘውም በምስሉ ነው። ከወደዱት «ኤድዋርድ ሁለተኛው»ን ያስከትሉ። የሱፐር ኤይቶቹን ለኋላ ያቆዩአቸው፤ «ብሉ»ን ደግሞ በስልክ እንዳያዩት፣ እባክዎን።


የአልባሳት ክፍል

እኔ ግን ከ«ዊትገንስታይን» እላለሁ። አጭር ነው፣ ያስቃል፣ አረንጓዴ የማርስ ሰውም አለው። ስለ ፍልስፍና ምንም ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ እኔም አላውቅም።


ሒሳብ ባይ

አዲስ ገቢ ፊልሙን እስኪያገኙ አንድ የመጨረሻ ሒሳብ ልተውላችሁ። ጃርማን በ1987፣ ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ዳንጀነስ ላይ፣ ከኑክሌር ኃይል ማመንጫው አጠገብ፣ ፕሮስፔክት ኮቴጅ የተባለች ሬንጅ የተቀባች የዓሣ አጥማጅ ጎጆ በ32,000 ፓውንድ ገዛ። በጠጠር ላይ፣ ባሕር በተፋው እንጨትና በዛገ ብረት፣ አጥር የሌለው የአትክልት ቦታ ሠራ፤ «ዘ ጋርደን»ንም እዚያ ቀረጸ። ከእሱ በኋላ ቤቱን የጠበቀው ጓደኛው ኪት ኮሊንስ በ2018 አረፈ። በ2020 ቤቱ ተሸጦ ለግለሰብ እንዳይሄድ ሕዝባዊ መዋጮ ተጠራ፤ በአሥር ሳምንት ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ፤ ከስምንት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አዋጡ።

በዚህ ደስ ብሎኛል፤ ቤቱ መትረፉ ጥሩ ነው። ነገር ግን በመካከሉ የፓውንድ የመግዛት አቅም መውረዱን አስቤ ሳሰላው፣ ያ ገንዘብ ቢያንስ ሁለት «ካራቫጆ» ያሠራ ነበር። ሰባት ዓመት ሲለምን አሥር ሳምንት የሰጠው አልነበረም።


ሰያፍ ብርሃን

ይህንን አልከራከርም።


አዲስ ገቢ

«ዊትገንስታይን»ን አገኘሁት፤ ትናንት ማታ አየሁት። የማርሱ ሰውዬ ሲመጣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከኋላው ያለው ጥቁር መጋረጃ መሆኑን እናንተ ባትነግሩኝ ኖሮ የማስተውለው አይመስለኝም። ዛሬ «ካራቫጆ»ን እጀምራለሁ፤ ሳንቲሞቹ የት ላይ እንደሆኑ ግን አትንገሩኝ።